በክርኗ የምታንኳኳዋ ጎረቤቴ

ከአጥሬ ማዶ ያለው ቤት ሌላ ሰው ገብቶበታል። ደግ ሰዎች ናቸው፣ እንከን አይወጣላቸውም። ችግሩ ያለው እኔ ጋ ነው። ጠዋት መጥተው የቆርቆሮ በሬን በጣታቸው ኳ ኳ ሲያደርጉት «ማነው ደግሞ ይሄ እንግዳ?» እላለሁ። የድሮዋ ጎረቤቴ ማንጠግቦሽ ጓዟን ጠቅልላ ባህር ዳር ከገባች ወራት አልፈዋል፤ ጆሮዬ ግን እስካሁን የሚጠብቀው የእሷን ክርን ነው። ድም፣ ድም የሚል ወፍራም ድምፅ ነበረው። በዳንግላ ከተማ የሰው በር በክርኗ የምታንኳኳ እሷን ብቻ ነው የማውቀው።

በጣቷ የማታንኳኳው ስለሚያማት ነው። ማንጠግቦሽ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል መምህርት ነበረች። ስትቀጠር ጣቶቿ እንደማንኛችንም ነበሩ። ካገባች በኋላ፣ ገና የሙሽርነት ወጓ ሳያልቅ፣ ጠዋት ጠዋት እጇ አልጨበጥ አላት። ከዚያ የእጇ አንጓ አበጠ፤ ጉልበቷም ተከተለ። ሰፈሩ እንደ ልማዱ ሐኪም ሆነ። አንዱ ብርድ ነው አለ፣ አንዱ ቁርጥማት ነው አለ፣ «ቁርጥማት የሽማግሌ አይደለም እንዴ?» ብሎ የተከራከረም ነበር። ባህር ዳር ያለች ሐኪም ናት እውነቱን የነገረቻት። ሰውነቷ በሽታ ለመከላከል ያሰለፈው ኃይል ተሳስቶ የራሷን መገጣጠሚያ እየወጋ ነበር።

«ዘበኛ ቀጥሬያለሁ እታበባ» አለችኝ ከሐኪም ቤት የተመለሰች ዕለት። ታላቋ ስለሆንኩ እታበባ ነው የምትለኝ። «ዘበኛው ግን ሌባውን ትቶ ባለቤቱን ነው የሚደበድበው።»

እኔ አፌ የማያርፍ፣ ነገር ቶሎ የማይዋጥልኝ ሴት ነኝ። ሰው ሲያማርር አብሬ ማማረር፣ ሰው ሲያለቅስ አብሬ ማልቀስ ግን እችልበታለሁ። ከማንጠግቦሽ ጋር ይሄ ሁሉ ሙያዬ ሥራ ፈታ። ጠዋት ደጃፏ ላይ እጆቿን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣ ሳያት «እንዴት አደርሽ?» እላታለሁ። «እኔ ነቅቻለሁ፤ ጣቶቼ ግን ገና ተኝተዋል» ትለኛለች፣ ፊቷ ላይ ሳቅ አለ። ጣቶቿ የሚነቁት ረፋዱ ላይ ነው። ርዕሰ መምህሩን ለምና የከሰዓት ፈረቃ የያዘችውም ለዚህ ነበር።

ጠመኔ ቀጭን ነው፣ የታመመ ጣት ደግሞ ቀጭን ነገር አይጨብጥም። እሷ እንጅባራ ሄዳ የቀርከሃ ወንበር ከሚሠሩት ዘንድ ወፈር ያለ የቀርከሃ ቁራጭ አስቆርጣ መጣች። ጠመኔውን ጫፉ ላይ ትሰካና ቀርከሃውን በሙሉ መዳፏ ይዛ ትጽፋለች። ፊደሎቿ ትልልቅ ነበሩ፣ ከኋላ ወንበርም ይነበባሉ። ተማሪዎቿ ዓመቱን ጨርሰው ወደ እኔ ሁለተኛ ክፍል ሲያልፉ አንዲቱ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ የእርስዎ ጠመኔ እጀታው የታለ?» አለችኝ። ጠመኔ ሁሉ እጀታ ያለው መስሏት ኖሯል።

እንግዲህ ይህቺ ሴት መውለድ ፈለገች።

መፈለጉ አይገርምም፤ መንገዱ ነው የከበደ። ዘበኛውን ያስታገሠላት በሳምንት አንድ ቀን የምትውጣት ክኒን ነበረች። እንዳትረሳት ከገበያ ቀን ጋር ስላሰረቻት «የገበያ ቀን ክኒኔ» ትላት ነበር። ሐኪሟ ስለ ልጅ ስትጠየቅ አልሸሸገችም። «ትወልጃለሽ» አለቻት። «ይህቺ ክኒን ግን ለፅንስ ክፉ ናት። እሷን አቁመሽ ወራት መቆየት አለብሽ፤ እስከዚያ ድረስ እንዳታረግዢ። በእሷ ፈንታ ለነፍሰ ጡር የማይከለከል እሰጥሻለሁ፤ የእሷን ያህል ላይዝልሽ ይችላል። አንዳንዷ እርግዝናው ሲገፋ ሕመሙ ይቀላታል፤ ስትወልድ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።»

ይኸን ሁሉ እኔ ቤት ተቀምጣ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ነገሩ ገብቶኛል፤ ልጅ ለማግኘት እጆቿን ልትሰጥ ነው፣ ልጅ ስታገኝ ደግሞ የምትይዝበት እጅ ላይኖራት ነው። «ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት። «ክኒኗን ተሰናብቻታለሁ» አለች።

ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «መድኃኒት የለመደ ማሕፀን ልጅ አይዝም» አለ። ግማሹ ደግሞ «ካቆመች አይቀር ሁሉንም ትጣለው፤ ጠበል ይበቃታል» አለ። እሷ ጠበሉንም አልተወች፣ ሐኪሟ የቀየረችላትንም አልተወች። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን በጀሪካን ያመጣችውን ጠበል በብርጭቆ ቀድታ ክኒኗን በሱ ዋጠችውና፣ ዓይኔ እንደፈጠጠ አይታ፣ «ሁለቱም የታዘዙልኝ ናቸው፤ ሆዴ ውስጥ ይስማሙ» አለችኝ።

ወራቱ ክፉ ነበር። ሻይ የምትጠጣበት ብርጭቆ በሁለት መዳፍ መሐል ካልሆነ አልነሳ አላት። ባሏ አንተነህ ግንበኛ ነው፤ ሥራ ተከትሎ ቻግኒም ባህር ዳርም ስለሚውል ብዙውን ጊዜ ብቻዋን ነበረች። በዚያ ሰሞን ነው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በአጥሩ ሽንቁር ሳይ ያየሁትን ያየሁት። ማንጠግቦሽ ድንች በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋ ግቢዋን ትዞራለች። ጣቶቿን ወደ ውስጥ አጥፋለች። ሁለት ክንዶቿን አጋጥማ፣ ጥቅሉን በላያቸው አስተኝታለች። ደጃፉ መደብ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ተንበርክካ ክንዶቿን ከሥሩ ታሾልካለች፣ ታነሳዋለች፣ ትዞራለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

«አንቺ፣ ምን ነክቶሻል?» አልኳት በሽንቁሩ።

«ልጅ መያዝ እየተማርኩ ነው።»

«የትኛውን ልጅ?»

«የሚመጣውን። ያን ጊዜ ጣቶቼ ይንቁ ይተኙ አላውቅም። ክንዴን ግን ማንም አልነካብኝም። ክንዴን ነው የማስተምረው።»

ሰፈሩ መቼም ዓይን አለው። «ልጅ ቢያምራት ድንች አቀፈች» ተባለ፤ አንዳንዱ ስቆ፣ አንዳንዱ ከንፈሩን መጦ። እሷም ሰምታለች። «እውነታቸውን ነው» አለች። «ድንች አያለቅስም፣ ለጀማሪ ይመቻል።» መጀመሪያ ላይ ጥቅሉ እየሾለከ ይወድቅባት ነበር፤ የወደቀውን ድንች ታጥብና ወጥ ትሠራዋለች። የዚያ ሰሞን እነሱ ቤት ከድንች ወጥ ሌላ አይበላም ነበር። እየቆየ ግን ድንች ወጡ ቀረ። ያን ጊዜ ነው ይህቺ ሴት የምትቀልድ እንዳልሆነች የገባኝ።

የባሏ አባት፣ አያ ፈጠነ፣ ከአዘና ገጠር መጡ። አያ ፈጠነ ገበሬ ናቸው፤ በፈረሰኛነታቸው አገር ያውቃቸዋል። ለፈረሳቸው የሚያወሩት በአዊኛ ነው፤ ለእኛ ለከተሜዎቹ በአማርኛ፤ ፈረሱን ይበልጥ የሚያከብሩት ይመስለኝ ነበር። የመጡት ልጃቸውን ሌላ ሚስት ሊያጋቡት ነው ተብሎ ተወርቷል። ማንጠግቦሽ ከትምህርት ቤት ስላልገባች እኔ ግቢ አስቀመጥኳቸው፤ ጠላም ቀዳሁላቸው።

«ልጄ፣ አንቺ እንኳ እውነቱን ንገሪኝ» አሉኝ። «ይቺ ልጅ ትወልዳለች? ወይስ አትወልድም?»

«አያ፣ ሐኪሟ ትወልጃለሽ ብላታለች» አልኳቸው።

«ሐኪሟንማ አላውቃትም። አንቺን ነው የጠየቅኩሽ።»

ይኼኔ ማንጠግቦሽ መጥታ ኖሮ በአጥሩ በር ብቅ አለች። ልምምዷን ጀምራለች፣ ጥቅሉ ክንዷ ላይ ነው። አማቷን ስታይ ደነገጠች፤ ግን አልጣለችውም። እንደያዘችው ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«ምንድን ነው የያዝሽው?» አሉ።

«የልጅ ልጅዎ ነው አያ» አለች። «ገና ስም አልወጣለትም።»

እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አያ ፈጠነ የጥቅሉን ጫፍ በጣታቸው ገለጥ አድርገው ድንቹን አዩ። የታጠፉትን ጣቶቿንም አዩ። ከዚያ ጠላውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ፈረሳቸውን ፈቱ፤ አበቃ አልኩ በሆዴ።

በሚቀጥለው ገበያ በጋሪ አንድ ጆንያ ድንች መጣ። ባለጋሪው አደራውን ቃል በቃል አደረሰ፦ «አያ ፈጠነ ልከውታል። የዳንግላ ድንች ቀላል ነው፤ የኔ ዘር ከባድ ስለሆነ በዚህ ትለማመድ ብለዋል።» ማንጠግቦሽ ያን ዕለት አለቀሰች። ለሕመሙ አልቅሳ አላየኋትም፤ ለድንቹ አለቀሰች።

ወር መጣ፣ ወር ሄደ። ሐኪሟ «አሁን ትችያለሽ» ካለቻት በኋላም ቶሎ አልሆነም። በየወሩ ፊቷን አያለሁ፣ አልጠይቅም። አፌን የያዝኩበት ዘመን ቢኖር ያ ብቻ ነው። በመጨረሻ አንድ ቀን በሩን በክርኗ አንኳኩታ ገባችና ሆዷን በክንዷ ዳበሰችው። እኔም እልል ልል ስል አፌን በመዳፏ ያዘችኝ። «ቀስ፤ ገና ነው» አለችኝ።

እርግዝናው እየገፋ ሄዶ አንድ ማለዳ በሬ ኳ ኳ ኳ አለ። ቀጭን ድምፅ ነው፣ የጣት ድምፅ። «ማነው?» አልኩ። ደገመው። ተነጫንጬ ስከፍት ማንጠግቦሽ ቆማለች። እጇን ዘርግታ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈች፤ አንድ በአንድ ዘረጋች። ማለዳ ነው እኮ! ፀሐይ ገና አልሞቀም።

«ዛሬ ከእኔ ቀድመው ነቁ» አለችኝ።

የኔ እናት፣ ያንን ማለዳ እንዴት ልርሳው? ሐኪሟ ሊሆን ይችላል ያለችው ሆነ፤ እርግዝናው እጆቿን መለሰላት። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት! የሰፈሩን ሴት ሹሩባ ሠራች፣ ነጭ ሽንኩርት ልጣ ልጣ አልጠግብ አለች፣ ቀርከሃውን ትታ በባዶ ጠመኔ ጻፈች። የክፍሏ ልጆች ፊደሏ ስላነሰባቸው አጉረመረሙ። እኔም የሷን ደስታ ሳይ ዘበኛው ለዘለዓለም ተባረረ ብዬ ተዝናናሁ።

አንድ እሁድ ከሰዓት በሽንቁሩ ሳይ፣ ሆዷን ገፍታ፣ ያንን የድንች ጥቅል ይዛለች። ጣቶቿን እንደ ድሮው አጥፋለች። ተንበርክካ ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች።

ተናደድኩ። «አሁን ደግሞ ምን አደከመሽ? እጅሽ ደህና ሆኗል እኮ! ጣቶችሽን ለምን አትዘረጊም?»

«ይሄ ጤና እንግዳ ነው እታበባ» አለችኝ። «እንግዳ ደግሞ ይሸኛል። ለደህና ቀንማ ማን ይለማመዳል?»

ከአጥሩ ፈቀቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ሕመም የያዘው ሰው ሲታገል ብዙ አይቻለሁ። ጤና ሆኖ፣ ደስታው ውስጥ ቆሞ፣ ለሚመጣው ክፉ ቀን ሳይፈራም ሳይረሳም የሚዘጋጅ ሰው ግን ያየሁት እሷን ነው።

ሴት ልጅ ወለደች። ሆስፒታል ደጃፍ ማርያም ማርያም ስንል ቆይተን የሕፃን ድምፅ ሲሰማ እልልታውን ለቀቅነው፤ የልጅቱም ስም ፍቅርተ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። ማንጠግቦሽ ልጇን እንደማንኛዋም እናት በጣቶቿ አጠበች፣ በጣቶቿ ዳበሰች፣ ጥፍሮቿን ሳይቀር እያነሳች ትቆጥር ነበር። እንግዳው ሊሸኝ መሆኑን ስለምታውቅ ነው መሰለኝ፣ እጇን ከልጅቱ ላይ አታነሳም ነበር።

ከዚያ ሄደ። አንድ ጠዋት ገንፎ አገንፍቼ ቤቷ ስገባ ሕፃኗ አልጋ ላይ ተኝታ ታለቅሳለች። ማንጠግቦሽ አጠገቧ ቆማለች። እጆቿ እንደ ሊጥ አብጠዋል፣ ጣቶቿ አይላወሱም። የምታግዛት የእህቷ ልጅ ውኃ ልትቀዳ ወጥታለች። ሳህኑን አስቀምጬ ሕፃኗን ላነሳ ዘለልኩ።

«ተይ!» አለችኝ። «እታበባ፣ እንዳትነኪያት።»

ተንበረከከች። ሲያማት ከንፈሯን ነከሰች፣ ጉልበቷም አብጦ ነበር። ጣቶቿን ወደ ውስጥ አጠፈች። አንዱን ክንዷን ከሕፃኗ ራስ ሥር፣ ሌላውን ከወገቧ ሥር አሾለከች። የልጅቱ ራስ ክርኗ መታጠፊያ ውስጥ ሲያርፍ አየሁት፤ ስንት ድንች ያረፈበት ቦታ ነው። ተነሣች፤ ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። ልጅቱ ጡቷን አግኝታ ዝም አለች።

እኔ እዚያው እንደቆምኩ ቀረሁ። አዘንኩላት ልበል? አይደለም። ፈራኋት ብል ይቀለኛል። ታቦት ሲያልፍ ሰው እንደሚቆመው ነው የቆምኩት።

ሐኪሟ ለምታጠባ ሴት የማይከለከል መድኃኒት ጨመረችላት፤ የገበያ ቀኗ ክኒን ጡት እስኪያልቅ አትመለስም ተባለ። አቀፋውን ቻለችው፤ ማዘሉ ግን አስቸገረ። የአንቀልባን ጠፍር ስቦ ደረት ላይ ማሰር የጣት ሥራ ነው። ሰው እስኪመጣ መጠበቁ አስመረራትና አንድ ቀን አንቀልባዋን በክንዷ አንጠልጥላ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄደች። ጋሽ ሰይድ ገበያው ዳር የጋሪ ፈረስ ዕቃ የሚሰፉ ሰው ናቸው። ጠፍሩን አገላብጠው አይተው «ለፈረስ የሆነ ለሰው አይሆንም ያለው ማነው?» አሉና፣ ጋሪው ላይ የሚውለውን ሰፊ ዘለበት ገጠሙላት። በመዳፍ ሲገፋ የሚቆለፍ፣ በክርን ሲመታ የሚከፈት ነው። ልጇን ራሷ አዝላ ከገበያ ስትመለስ መንገዱ ሁሉ ዞሮ አያት።

ወሬው ተነሣ። «ልጇን በፈረስ ዕቃ ታዝላለች!» የክርስትናው ዕለት ሳይቀር ሴቶቹ በጥግ ይንሾካሾካሉ። ልጅ እንደ ከብት አይታሰርም፣ ገድ አይደለም ይላሉ። አያ ፈጠነ በፈረሳቸው መጥተው ነበርና ሰሙ። ምንም ሳይሉ ወጡ። ከፈረሳቸው ደረት ላይ በቀይና በቢጫ ክር ያጌጠውን ጠፍር፣ ለበዓል ካልሆነ የማያወጡትን፣ ፈትተው ይዘውት ገቡ። ማንጠግቦሽ እግር ላይ አኖሩላት።

«ለዚያ ሰፊ ስጪው፤ አንቀልባው ላይ ይስፋልሽ» አሏት። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «እኔ ከልጅነት እስከ ሽበት በዚህ ላይ ተማምኜ ስጋልብ ኖሬያለሁ፤ አልጣለኝም። እሷን ይጥላታል? ባገራችን የፈረስ ዕቃ ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ከዚያ ወዲያ ፍቅርተ በዳንግላ መንገድ ላይ እንደ በዓል ፈረስ አጊጣ ስትታዘል አንድም ሰው አልተነፈሰም። እንዲያውም ባለጋሪዎቹ ሲያዩዋቸው መንገድ ይለቁ ነበር።

ልጅቱ አደገች፣ ትምህርት ቤት ገባች። ጡት ካለቀ በኋላ የገበያ ቀን ክኒን ተመለሰች፤ የማንጠግቦሽም ጣቶች አንዳንድ ቀን ይነቃሉ፣ አንዳንድ ቀን ይተኛሉ። ወደ ድሮው መልካቸው ግን አልተመለሱም። አንተነህ ባህር ዳር ቋሚ ሥራ ሲያገኝ ሐኪሟም እዚያው ስለሆነች ለመሄድ ወሰኑ። እኔ ያን ሰሞን ልጄ በኩሯን ወልዳ እኔ ቤት አራስ ነበረች።

ዕቃው መኪና ላይ በሚጫንበት ጠዋት ፍቅርተ ልትሰናበተን መጣች። የልጄን ሕፃን አይታ «ልያዘው?» አለች። አራሷ ፈራች፤ እኔ ግን ፈቀድኩላት። አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። ደህናዎቹን፣ ቀጫጭኖቹን፣ ምንም ያልነካቸውን ጣቶቿን ወደ ውስጥ አጠፈቻቸው። አንዱን ክንዷን ከራሱ ሥር፣ ሌላውን ከወገቡ ሥር አሾለከች። አንድም ሳትንገዳገድ አነሣችው፤ ራሱም ክርኗ መታጠፊያ ውስጥ ገብቶ አረፈ። ሕፃኑ ዓይኑን እንኳ አልገለጠም።

«ጣቶችሽን ዘርጊያቸው እንጂ የኔ ልጅ» አልኳት። «ያንቺ ደህና ናቸው እኮ።»

ቀና ብላ በመገረም አየችኝ።

«እማማ፣ ልጅ በጣት ይያዛል እንዴ?»

መልስ ፍለጋ አፌን ስከፍት፣ የቆርቆሮው በር ድም፣ ድም አለ።